የት ቆመው ነበር?

«መምህር፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳይጠይቁ እንዴት ታሪክ ይሰበስባሉ?»

ይህን ያለችኝ ለመመረቂያ ጽሑፏ መረጃ ፍለጋ ወደ ላሊበላ የመጣች የታሪክ ተማሪ ናት። አራት ገጽ መጠይቅ ይዛለች። የመጀመሪያው መስመር ስም፣ ሁለተኛው ዕድሜ፣ ሦስተኛው «ድርጊቱ የተፈጸመበት ዓ.ም.» ይላል። አብረን ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ተከራከርን። ጠንካራ ልጅ ናት፣ አልለቀቀችኝም። እኔም አልለቅም፤ ያላለቀውን እዚህ ልቀጥል።

የዓይን ምስክር ቃል ስቀበል የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ «የት ቆመው ነበር?» ቀጥሎ ፊትዎ ወዴት ዞሮ ነበር፣ አጠገብዎ ማን ነበር፣ በእጅዎ ምን ይዘው ነበር። ዓመቱን የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አላነሳውም። ዓመተ ምሕረት ከመጽሐፍ፣ ከደብዳቤ፣ ከባሕረ ሐሳብ ይገኛል። ሰውየው የቆመበት ቦታ ግን አብሮት ይቀበራል።

በላስታ አንድን አዛውንት «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለህ ከጀመርክ ፈተና ላይ ያስቀመጥካቸው ይመስላቸዋል። ከጎናቸው የተቀመጠው የልጅ ልጅ ቀድሞ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ የምትሰማው ልጁ ትምህርት ቤት የተማረውን ነው፤ ሽማግሌው እሱን እያዩ ያስተካክላሉ። «የት ነበሩ?» ስትላቸው ግን ልጁ ዝም ይላል፤ እሱ እዚያ አልነበረማ። ዐውድማው፣ የጎረቤት አጥር፣ የምንጩ መውረጃ ይመጣል። ሰው ከቆመበት ቦታ ሆኖ ሲናገር ደግሞ ዓይኑ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል። ካለፈው ራሱ ይቆማል፤ «ይኼን እንኳ አላየሁትም፣ ሲወራ ነው የሰማሁት» ይላል። እኔ ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስል ግማሽ ቀን እጠብቃለሁ።

ዘዴውን ፈትኜዋለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት እልፍ ሲል፣ ፀሐይ በላስታ ሰማይ ላይ ቀለበት ሆነች። ከኮንጎ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ አልፎ ወደ የመንና ወደ ሕንድ የተሻገረው የግርዶሽ መንገድ ላሊበላን ይዞ ነበር። ለኔ ሙያ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰልቷል፣ ምን እንደሚታይ ይታወቃል፣ ማንም ወገን ሊያዛባው አይችልም። ጨረቃ በዚያ ቀን ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም፤ ጠርዟ ዙሪያውን እንደበራ ቀረ። ይህም የቆየው ወደ አንድ ደቂቃ ነው። ብርሃኑ ሳሳ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሌሊት ግን አልሆነም።

በዚያው ሳምንት ነአኩቶ ለአብ አካባቢ ወርጄ ሰው አነጋገርኩ። «ምን ሆነ?» ብዬ የጀመርኳቸው ድቅድቅ ጨለማ እንደሆነ፣ ኮከብ እንደታየ፣ ዶሮ ቆጥ ላይ እንደወጣ ነገሩኝ። ውሸታሞች አይደሉም። ስለ ግርዶሽ ከአያቶቻቸው የሰሙት ታሪክ ካዩት ቀድሞ አፋቸው ላይ መጣ እንጂ። «የት ቆመው ነበር?» ብዬ የጀመርኳቸው ሌላ ነገር አመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸው በተፈጥሮ ዋሻ ሥር ነው፤ ከዓለቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታዎች ተጠራቅሞ ለጸበል ይሆናል። ዋሻው ውስጥ የነበሩ አንድ ቄስ የነገሩኝ ድንገት የቀዘቀዘውን አየር ብቻ ነው። «ፀሐይዋን አላየኋትም» አሉ፤ እኔም እንዳሉት ጻፍኩ።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን አንድ የቆሎ ተማሪ ነው። ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ፀሐይዋን ማየት ዓይን ያጠፋል ብለውት፣ መነጽርም ስላልነበረው፣ ወደ መሬት ሲያይ ቆየ። «መሬቱ ላይ ትንንሽ ቀለበት ሞላበት፤ ጋቢዬም ላይ ነበረ» አለኝ። በቅጠል መካከል የምትቀር ጠባብ ቀዳዳ የፀሐይን መልክ መሬት ላይ ታሳርፋለች፤ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ከዛፉ ሥር ያለው የብርሃን ነጠብጣብ ሁሉ ቀለበት ይሆናል። ልጁ ይህን ከማንም አልሰማም፣ የትም አላነበበም። ከልቡ ፈጥሮ ሊናገረው የማይችለውን ነገር ነገረኝ። ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ከነበሩት ሁሉ እሱን አምናለሁ።

ተማሪዋ ይህን ስነግራት «ግርዶሽ ቀላል ነው፤ በሌላ ማስረጃ ይመሳከራል። የድሮውስ?» አለች። ልክ ናት፣ የድሮው ይከብዳል። ግን ቦታ ይዞ ለሚጠይቅ የድሮውም ይከፈታል።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦርነት ሆነ። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ረጩበት። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መንገዳቸውን አዙረው ላሊበላ ገቡ፣ ጸልየውም ወጡ። ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ተሰደዱ። ሥራውን ስጀምር ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎች በከተማችን በሕይወት ነበሩ፤ ንጉሡን አላየሁም የሚል ደግሞ አልነበረም። በቅሏቸውን ይነግሩሃል፣ ካባቸውን ይነግሩሃል፣ ያለቀሱትን እንባ ሳይቀር ይነግሩሃል። የሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ነው። ቃል ሲመሳሰል ደስ የሚላቸው ሰብሳቢዎች አሉ፤ እኔ ያን ጊዜ ነው የምጠራጠረው።

አንዲት እማሆይ ግን «እኔ ንጉሡን አላየሁም» አሉኝ። የት ነበሩ እማሆይ? ውኃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ ነበር። ከማን ጋር? ብቻዬን። ከዚያ ያዩትን ነገሩኝ። ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ አይተዋል። ፊታቸውን በእርጥብ ነጠላ የጠቀለሉ ሰዎች አይተዋል። አንዱ ወታደር ውኃ ለመናቸው፤ ቅሉን ሲያቀብሉት መያዝ አቃተው፤ መዳፉ ቆዳ አልነበረውም። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት እማሆይ ራሳቸው በአፉ አፈሰሱለት። ምን እንዳቃጠለው አላወቁም፣ የዚያን ነገር ስምም ኋላ ቢሆን አልሰሙም። ስለ መርዝ ጋዙ በጄኔቭ ብዙ ተነግሯል፤ ከላስታ ምንጭ ዳር የመጣው ይህ የመዳፍ ነገር ግን በየትኛውም ንግግር ውስጥ አልገጠመኝም።

ቀኑን አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን ሲያወሩ «ቤታችን የፋሲካ ሥጋ ገና አላለቀም ነበር» አሉ። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 4 ነበር የዋለው። ለተማሪዋ ይህን ነው ደጋግሜ የምላት፤ ቦታውን በደንብ ከያዝሽ ቀኑ ራሱ ተከትሎ ይመጣል።

ወደ ኋላ ራቅ ብለንም ማየት እንችላለን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከአገሩ ልዑካን ጋር ምጽዋ የደረሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ነው። ላሊበላን አይቶ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። አስጎብኚዎቻችን ሁሉ የሚጠቅሱት መሐላውን ነው፤ ሰው ስለማያምነኝ መጻፉ ታከተኝ ብሎ ያየሁት እውነት ነው ሲል በእግዚአብሔር መማሉን። እኔ መሐላው ላይ ብዙም አልቆምም። የሐሰት ምስክርም ይምላል። አልቫሬስን የማምነው ስለለካ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ወርዱ ይህን ያህል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል፣ ዓምዶቹ በዚህ በኩል ይህን ያህል እያለ ይሄዳል። ለመለካት ግድግዳው ሥር መቆም ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከኢማም አሕመድ ወገን ዐረብ ፈቂህ የሚባለው ጸሐፊ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ውስጥ የእነዚሁን ቤተ ክርስቲያኖች ነገር ጻፈ፤ ከተራራው ተፈልፍለው መውጣታቸውን ይመሰክራል። አንዱ በመስቀል ስም የመጣ፣ ሌላው የዘመቻ ታሪክ ጸሐፊ፤ በሃይማኖት ፈጽሞ አይገናኙም። በዓለቱ ላይ ግን ተገናኙ። ስምምነት ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ከተለያየ ቦታ ሲመጣ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኮረም አለች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከዚያ ስለ ረሃቡ ያቀረቡት ፊልም ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ለተራቡት ርዳታ የሚሆን ያ ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። ያ ፊልም ምስክር ነው፣ አከብረዋለሁ። ቢሆንም ካሜራውም የቆመበት ቦታ አለው፤ ከፊቱ የተቀመጡትስ ምን ያዩ ነበር? ከላስታና ከዋግ በእግሩ ኮረም የገባው ሕዝብ ብዙ ነው። በዚያ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ይህን ጠየቅኩት። ስለ ረሃቡ አልጀመረም። «አንድ ሰው ወደ ኋላው እየተራመደ ሲሄድ አየሁ» አለኝ። «ፊቱን ወደኛ አድርጎ፣ ትከሻው ላይ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ኋላው ይሄዳል። ይወድቃል ብዬ ፈራሁለት።» የትኛው ካሜራ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ በዚያ ሰሞን ኮረም የደረሰው አንድ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ዓለም ሁሉ ሲያዝንለት የነበረ ልጅ እሱ ደግሞ ለካሜራው ሰው ሲፈራለት እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ይህ ሥራ ለኔ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው። የነበረው ወሬ ነው። ጠዋት የሞተ ሰው ማታ ቆሞ ይሄዳል፤ ነፃ ወጣ የተባለ ከተማ በማግሥቱ ይያዛል። ሰው በርሃብ ብቻ ሳይሆን በወሬ ይከሳል፤ ጎረቤቶቼ እንቅልፍ ሲያጡ አይቻለሁ። እኔ ማታ ማታ በኩራዝ ደብተር ይዤ እቀመጥ ነበር። በአንድ በኩል ደጄ ላይ ቆሜ ያየሁትን፣ በሌላ በኩል የሰማሁትን እጽፋለሁ። ያየሁት ብዙ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ ማን በመንገዱ አለፈ፣ የትኛው ወፍጮ ዝም አለ፣ በየትኛው አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ። የሰማሁት ገጹን ይሞላል። ሁለቱን ለይቼ ስጽፍ እጄ ይረጋል፣ ከዚያ እተኛለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎችን ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ በነዚያ ወራት ቤቴ ውስጥ አቆመኝ። ቀድሞ ለታሪክ የምሠራ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ለራሴም እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰላም ሲሆን ሌሎችም ደብተር ይዘው እንደነበር ሰማሁ። አንዱ ገበያው ዳር፣ አንዷ ወደ አሸተን ማርያም መውጫ ይኖራሉ። ሦስታችን ደብተራችንን ጎን ለጎን ዘርግተን አንዱን ቀን ከሦስት ቦታ አነበብነው። ሰዓቱ አይገጥምም፤ የሰማነው ጭራሽ አይገናኝም። ያየነው ግን ተራ በተራ ተቀጣጠለ፤ ከኔ በር ያለፉት ሰዎች ከእሷ በር ላይ ወደ ዳገቱ ሲወጡ ተገኙ።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የዚያው ዓመት ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከከተማው ከራቀ ሳምንታት በኋላ የተከበረው ልደት። ቤዛ ኩሉ በቤተ ማርያም ሲዘመር ካህናቱ ከፊሉ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው፣ ከፊሉ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ። ከላይ የቆሙ ካህናትና ምእመናን ቃል ሰብስቤያለሁ፤ ሞልቷል። ታች የነበረ ሰው ወደ ላይ ቀና ሲል ማንን እንዳየ፣ ካለፈው ዓመት ሰልፍ የትኛው ቦታ ባዶ ሆኖ እንደታየው የሚነግረኝ ግን ገና አላገኘሁም። ታች የነበራችሁ ካላችሁ እኔ ራሴ እመጣለሁ።