ናፍቆት መሪ እንዳይዝ

ለገና ቤተሰብ አሳፍሮ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ ሾፌር ሁለት ነገር ይነዳል፤ መኪናውንና የተሳፋሪውን ናፍቆት። መኪናው ፍሬን አለው። ናፍቆት ግን ፀሐይ ጠልቃ፣ ሰው ሁሉ ደክሞ፣ ኮምቦልቻ ላይ እንኳ «ይኸው ደረስን እኮ! የሐረጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው የቀረን» ይላል። በኮንትራት ሰው ማመላለስ እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ያካበትኩት ሙያ ቢጨመቅ አንድ ነገር ነው፦ መንገድ ላይ የሚያከራክረውን ሁሉ ቤት ሳሉ፣ ቡና ቀርቦ፣ ማንም ሳይቸኩል መጨረስ። ዕቅድ የምለው ዛሬ ያልቸኮለ ሰው ነገ ለሚቸኩለው ለራሱ የሚያወርደውን ትእዛዝ ነው።

ከካርታ በፊት የሚታየው የቀን መቁጠሪያ ነው። ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ይመስለናል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ 2020ም እንዲሁ ይሆናል። ይህን ያልቆጠረ ቤተሰብ ሁለት ቀን ቀድሜ እወጣለሁ ብሎ ዋዜማው ላይ ይወጣል። ዋዜማ ደግሞ የመንገዱ ክፉ ቀን ነው። ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ያለው መውጫ በበግ ነጂና በዶሮ ነጋዴ ይጨናነቃል። የአይሱዙው ሾፌር ጭነቱን አራግፎ ማታውኑ ቤቱ ሊገባ ይበራል፤ የሚኒባሱ ሾፌር አንድ ተጨማሪ ምልልስ ሊሠራ ይጣደፋል። ስለዚህ ደንበኞቼን ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀድመን እንውጣ እላለሁ። «ሥራ አለን ጋሼ» ይሉኛል። እንግዲያስ ከበዓሉ በኋላ ካለው ቀንሰን ከፊቱ እንጨምር እላቸዋለሁ። ቀድሞ የደረሰ ልጅ ለእናቱ ሽንኩርት ይከትፍላታል፤ ዋዜማ ማታ የደረሰው ግን እግሩን አጥበው የሚያስተኙት ተጨማሪ እንግዳ ነው።

የሳምንቱም ቀን ይታያል። ጉዞው እሑድ ላይ ከወደቀ ከአጣዬ ማዶ የሰንበቴ ገበያ ይጠብቃል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ከነግመሉና ከነከብቱ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነው፤ ለበዓል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያን ሕዝብ ጥሩምባ አይከፍተውም። ጊዜ ተይዞለት፣ በሰው እግር ፍጥነት ይታለፋል።

ሰዓት የሚቆጠረው ከመድረሻው ወደ ኋላ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እኔ ግን ደሴ የምገባበትን ሰዓት 9 ተኩል አድርጌ እይዛለሁ። መካከል ያለችው ከሁለት ሰዓት ተኩል የምትበልጥ ጊዜ የማንም አይደለችም፤ ለፈነዳ ጎማ፣ ለፍተሻ ሰልፍ፣ ለታመመ ሕፃን የተቀመጠች ናት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ስለሆነ በሰዓት 80 እየነዱ በአምስት ሰዓት የሚደርሱ የሚመስላቸው አሉ። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ከተማውና ከብቱ ሲቀነስ ግን ቤተሰብ የጫነ መኪና በአማካይ 50 ከሄደ ጎበዝ ነው፤ ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ቁርስ፣ ምሳና ሽንት ቤት አለ። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ተነሥቷል ማለት አለብኝ። ተነሥቷል ስል ሞተሩ ሞቆ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ ማለቴ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ 11 ሰዓት ብዬ እነግራቸዋለሁ። እነሱም እንደማጭበረብራቸው ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይሠራል።

በዚህ ስሌት ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይገባል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የንጋት ውርጯ አይጣል ነው። ቁርስ እዚህ ይበላል፤ የሚጾመውም እጁን ያሞቃል፣ እግሩን ያፍታታል። ከዚህ ቀድሜ ብደርስ የማተርፈው የለም፤ ምክንያቱም ከፊቴ ያለው ጣርማበር ነው። በዚያ በር ላይ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው አየር ከደጋው ቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ መንገዱን በጉም ይጋርደዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ከ500 ሜትር የሚበልጠው ዋሻም ጠባብና ጨለማ ነው። ፀሐይ ወጥታ ጉሙን ስታነሣ ማለፍ፣ ዝቅተኛውን መብራት ማብራት፣ ከፊት ካለው መኪና ርቆ መከተልና ዋሻው ውስጥ አለመቅደም ነው ደንቡ። ቁርሱ የተያዘው ሆድ ስለሚርብ ብቻ እንዳልሆነ ለተሳፋሪው አልነግረውም።

ከዋሻው ሲወጣ የሾፌሩ ፈተና ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ይህን ቁልቁለት በፍሬን የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ ያቃጥለዋል። የጋለ ሸራ መያዝ ያቆማል፤ እግር ወለል እስኪነካ ቢረገጥም መኪናው አይሰማም። ማርሹ መቀነስ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፍጥነት ከተያዘ በኋላ ልቀንስ ማለት ዘግይቷል። ሞተሩ ጎትቶ ይይዘዋል፤ ፍሬን ለመታጠፊያው ብቻ ይረገጣል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ጋራዥ ስገባ መጀመሪያ የማስፈታው ሸራውን ነው፤ ከዚያ የራዲያተሩ ውኃ፣ ቺንጋው፣ ጎማውና ስኮርታው ይታያሉ። ስኮርታ አለ ማለት አይበቃም፤ ንፋስ አለው ወይ፣ ክሪኩስ ይሠራል ወይ ተብሎ ይሞከራል። የቦሎው ጊዜ እንዳላለፈም ያኔ ይታያል።

ያ መታጠፊያ ሁሉ የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ከጉዞው በፊት ባለው ማታ እወስናለሁ። የሚያስመልሰው ልጅ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ መስኮት አጠገብ፣ እማማ እግራቸውን የሚዘረጉበት ጋ፣ ስልክ የማይለቀው ጎረምሳ ከኋላ። ሎሚና ፌስታል ከእጅ አይርቁም። መቆሚያዎቹም የሚታቀዱት በመኪናው ነዳጅ ሳይሆን በአሮጊቷና በሕፃኑ ነው፤ እነሱ «አልቻልኩም» ከማለታቸው በፊት መቆም አለብኝ። ደብረ ሲና ላይ ሁሉም ይወርዳል፤ ቆሎ ይገዛል፤ የፍሬኑም ግለት ይበርዳል።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር መንገዱ ቀና፣ አየሩ ሙቅ ነው። ብዙ ሰው አለፍነው ብሎ የሚተነፍስበት ቦታ ነው፤ እኔ ግን ከደብረ ሲና ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ። ገደሉ ያነቃል፤ ሜዳው ያስተኛል። ሌሊት 10 ሰዓት የተነሣ፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሲጾም የቆየ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ሾፌር ዓይኑ የሚከዳው እዚያ ነው። በነቢያት ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ሾፌሮች አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን መሪ የያዘ ሰው ስለ ጾም ሰዓቱ ከነፍስ አባቱ ጋር የሚነጋገረው ከጉዞው በፊት ነው። እኔ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ከሚሴ ላይ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እቆማለሁ፤ ሽሮዬን በልቼ፣ ወንበሩን ለጥጬ ትንሽ እተኛለሁ። ከሚሴ ለዚህ ይመቻል። የወሎ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ሃይማኖት የተዋለደ ነው፤ ገና ልትዘይር የምትሄድ ሙስሊም አክስት ከምትጾም የእህቷ ልጅ ጋር በአንድ መኪና ትቀመጣለች። እዚያ አንዷ ጥብስ፣ አንዷ በያይነቱ አዝዘው አጠገብ ለአጠገብ ይበላሉ፤ ማንም ማንንም አያስጠብቅም።

ጭነትን በተመለከተ ከቤተሰቡ ጋር የምከራከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በስልክ። ፖርቶመጋላው ላይ የሚወጣው ብርድ ልብስና ልብስ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ የቡና ኬሻ ከታች፣ ወደ መኪናው መካከል ተጠግቶ ይገባል፤ ከባድ ነገር አናት ላይ የጫነ ሃይሩፍ ሚኒባስ መታጠፊያ ላይ ያጋድላል። በግ አልጭንም። ቀድሞ ብር የተላከለት ዘመድ ከአገሩ ገበያ የተሻለውን መርጦ ደጅ ላይ ያስረዋል፤ በጉም አራት መቶ ኪሎ ሜትር ታስሮ ከስቶ አይደርስም።

ይህ ሁሉ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። ወሎና ሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ያዩትን አይተዋል። አጣዬ በ2013 ተቃጥላለች፤ ደሴና ኮምቦልቻ የ2014ን ገና ያከበሩት የሰሜኑ ጦርነት ከከተማቸው በወጣ በወሩ ነው፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ቆይቷል። ስለዚህ መጠየቅ ራሱ ሙያ ሆኗል። «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሁሉም የሰማውን ይነግረዋል። እኔ «ዛሬ ማን አለፈ? በስንት ሰዓት?» ነው የምለው። የምጠይቀውም መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪን፣ ከኮምቦልቻ ወርዶ የገባ የጭነት ሾፌርን፣ ሸዋ ሮቢት ያለች ምግብ ቤት ባለቤትን ነው። ሦስቱ ተመሳሳይ ነገር ካሉ እነሣለሁ። አንዱ ካመነታ ቤተሰቡን ሰብስቤ እነግራለሁ።

ሁለተኛው መንገድ በአዳማና በአዋሽ ወርዶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በሚሌ በኩል ወደ ባቲና ኮምቦልቻ የሚወጣው ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ የጅቡቲ ተሳቢ መኪና ይበዛበታል፤ ሲመሽ ግመል አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ይህን የመረጠ ሰው በአንድ ቀን እገባለሁ ማለቱን ይተው፤ አዳር ይያዝለት፤ ውኃም በብዛት ይጫን። ነዳጅም በየትኛውም መንገድ ግማሽ ሲደርስ ይሞላል። ከ2015 ጀምሮ ክፍያው በስልክ ስለሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ማደያው ናፍጣ ቢኖረው እንኳ መቅዳት ሊያስቸግር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ ልምጣ። ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ የምንደርስ ከሆነ እዚያው እናድራለን። የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን በሐረጎ ዳገት፣ ጨለማ እየተጠጋ፣ ከደከመ ሾፌር ጋር፣ ከጭነት መኪና ጀርባ የሚኬድ 25 ኪሎ ሜትር ነው። የአልጋው ዋጋ ከመነሣታችን በፊት ከኮንትራቱ ጋር ተነጋግረን ያለቀ ስለሆነ፣ ማታ ላይ ገንዘብ ሰበብ አይሆንም። ውሳኔውን የማስጠብቀው ግን በእኔ ቃል አይደለም። ከተሳፋሪዎቹ በዕድሜ ትልቋን ሴት አስቀድሜ «እማማ፣ ከመሸብን ኮምቦልቻ ማደራችን ነው፤ ይህን እርስዎ ይያዙልኝ» እላቸዋለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረምሶቹ ከእኔ ጋር ይከራከሩ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ግን አይከራከሩም። «ልጄ፣ ነገም ቀን ነው» ካሉ አለቀ።

የሚጠብቁትም ሰዎች የዕቅዱ አካል ናቸው። ልጁ እናቱን በስልክ «10 ሰዓት እንደርሳለን» ካላት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ በየሩብ ሰዓቱ ትደውላለች፤ እያንዳንዱ ጥሪ ደግሞ የሾፌሩን እግር ነዳጁ ላይ ይጫነዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሰዓት እንጂ የመጀመሪያውን አትንገሩ እላለሁ። «ማታ ካልገባን ኮምቦልቻ አድረናል፤ አትጨነቂ» የተባለች እናት ቡናዋን አፍልታ ትጠጣለች፤ በጊዜ ብንደርስ ደግሞ ደስታዋ እጥፍ ነው።

መመለሻው በአብዛኛው አይታቀድም፤ እኔ ግን አቅደዋለሁ። በገና ዕለት ከሰዓት በኋላ አልነዳም፤ የገና ጨዋታ ያለበት ሰፈር ሁሉ ሩሯንና የሚያሳድዳትን ሰው አስፋልት ላይ ሊያመጣብኝ ይችላል፤ ጠላና ጠጅ የቀመሰው መንገደኛም ብዙ ነው። በማግስቱም ሳይሆን በሠልስቱ እንነሣለን። መኪናው ሲሄድ ከነበረው ይከብዳል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤውና ማሩ «ቦታ የለም» በሚል ቃል የማይመለሱ ስለሆኑ፣ ስንሄድ የመኪናውን ሩብ ባዶ ማድረግ ነው የሚሻለው። ያንኑ ቁልቁለት አሁን ሽቅብ እንወጣዋለን፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ሞተሩ እንዳይግል በዝግታ፣ ደብረ ሲና ላይ አሳርፎ።

በመመለሻው የሚያጣድፈው ናፍቆት አይደለም፤ ቢሮ ነው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሥራ መግባት ያለበት ሰው ከተሳፋሪው መካከል ካለ፣ ማምሻውን ሰንዳፋ ላይ እያንቀላፋሁ እንድነዳ የሚያደርገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ለኮንትራት ሲደውሉልኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ መነሻው ቀን አይደለም፤ «ፈቃዳችሁ መቼ ያልቃል?» እላለሁ። አለቃችሁን ፈቃድ ስትጠይቁ አንድ ቀን ጨምራችሁ ጠይቁ። ያቺ ቀን የእናንተም የቤተሰባችሁም አይደለችም፤ የመንገዱ ናት።