ሲልቪያ ፓንክረስት፦ ፓርላማ ሳይገቡ የተሟገቱልን

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ መንገድ መጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ስትዘረፍና ስትቃጠል ሰንብታለች፤ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች በስተምሥራቅ፣ ዛሬ የካ በምንለው በኩል፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተጠልለው ነበር። ያንኑ ቀን የያዘ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለንደን ላይ የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ይባላል። ዕለቱ ለአዘጋጇ ለሲልቪያ ፓንክረስት ልደታቸውም ነበር፤ 54 ዓመት ሞላቸው።

ስማቸው ሲነሣ «የኢትዮጵያ ወዳጅ» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ይጎድለዋል። ሲልቪያ ግራ ዘመም ነበሩ፤ ያውም ከለዘብተኞቹ ሳይሆን ከጽኑዎቹ ወገን። ለእኛ የቆሙትም ይህን እምነታቸውን ወደ ጎን ትተው ሳይሆን ከእምነታቸው ተነሥተው ነው።

ማንችስተር ውስጥ ተወልደው ያደጉት የሴቶች የመምረጥ መብት የዕለት ወሬ በሆነበት ቤት ነው። እናታቸው ኤሜሊን የትግሉ መሪ ነበሩ። ሲልቪያ ሥዕል ተማሩ፤ ሥዕሉን ግን ትግሉ በላው። ደጋግመው ታሰሩ፤ የረሃብ አድማ ሲመቱ በቱቦ በግድ እንዲመገቡ ተደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1914 ከእናታቸውና ከእህታቸው ድርጅት ተባረሩ፤ ምክንያቱ የምሥራቅ ለንደንን ሠራተኛ ሴቶችና የሠራተኛውን ንቅናቄ አልተውም ማለታቸው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እዚያው ሰፈር ርካሽ ምግብ ቤቶችና የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈቱ። አንድ መጠጥ ቤትም ተረክበው የሠራተኛ እናቶች ሕፃናት መዋያ አደረጉት። የመጠጥ ቤቱ ስም «የጠመንጃ ሠሪዎች ክንድ» ነበር፤ «የእናቶች ክንድ» ብለው ለወጡት።

የእንግሊዝ ፓርላማ ሰዎች በቅርብ ያውቋቸው ነበር። የሌበር ፓርቲ መሥራቹ ኪየር ሃርዲ የልብ ወዳጃቸው ነበሩ። ጆርጅ ላንስበሪ ደግሞ በሴቶች የመምረጥ መብት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1912 ወንበራቸውን ለቀው እንደገና የተወዳደሩት በዚያው በምሥራቅ ለንደን ነው፤ ተሸነፉ። ሲልቪያ ራሳቸው ግን ለሠራተኛው ነፃነት በፓርላማ በኩል ይመጣል ብለው አላመኑም። እ.ኤ.አ. በ1920 ሞስኮ ድረስ ሄደው ከሌኒን ጋር የተከራከሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ሌኒን በዚያው ዓመት ስለ ግራ ኮሙኒዝም «የልጅነት በሽታ» በጻፈው መጽሐፍ ስማቸውን ጠርቶ ይሞግታቸዋል። በዓመቱ ከእንግሊዝ ኮሙኒስት ፓርቲም ተባረሩ። ለማንም ፓርቲ ሲባል ሐሳባቸውን የሚውጡ ሰው አልነበሩም።

ፋሺዝምን ቀድመው ማወቃቸው አያስገርምም። የሕይወት አጋራቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ጣሊያናዊ ስደተኛና አናርኪስት ነበሩ። ሲልቪያ ለወረራው ሰበብ ከሆነው ከወልወል ግጭት አስቀድሞ የሙሶሎኒ ሰዎች የገደሏቸውን የጣሊያናዊውን ሶሻሊስት የምክር ቤት አባል የማቴዮቲን ባለቤት ለመርዳት ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ኢትዮጵያ ስትወረር ለብዙ እንግሊዛዊ ሩቅ አገር ላይ የደረሰ አደጋ ነው፤ ለእርሳቸው ግን ያው የሚያውቁት ጠላት ነው። የሚኖሩበትን የዉድፎርድን ሰፈር በፓርላማ የሚወክሉት ደግሞ ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ሲልቪያ ለእርሳቸውም፣ ለሚኒስትሮችም፣ ለምክር ቤት አባላትም ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ አይታክቱም። የኢትዮጵያ ነገር ምክር ቤቱ ውስጥ እንዲነሣ መረጃውን አዘጋጅተው ይልካሉ። ወንበር አልነበራቸውም እንጂ የእኛን ጉዳይ በማንሣት ረገድ ወንበር ካላቸው ከብዙዎቹ ይልቅ እንደራሴያችን እርሳቸው ነበሩ ብል ማጋነን አይደለም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሲገቡ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ከተቀበሏቸው መካከል ሲልቪያ ነበሩ። በኋላም እርሳቸው የዘውድ ደጋፊ እንዳልሆኑ፣ የሚቆሙት ጉዳዩ ፍትሐዊ ስለሆነ መሆኑን ለንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ኖረ። ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ የፈጸሙትን የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ሌላው ሊረሳው ሲሞክር እርሱ አልረሳም። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶችም አንባቢ ነበረው። 

ከነፃነት በኋላ ያለው ትግላቸው ብዙም አይወራም፤ ለእኔ ግን ትልቁ እርሱ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዞች ኦጋዴንን ይዘው ቆዩ። ከአሰብና ከምጽዋ ወደቦች ሕንፃና መሣሪያ ነቅለው ወሰዱ። ሲልቪያ በገዛ መንግሥታቸው ላይ ተነሡ፤ ስለ ኦጋዴን ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1952ም «የኢትዮጵያን ወደቦች ለምን እናወድማለን?» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። የእንግሊዝ የስለላ መሥሪያ ቤት ፋይል ከፍቶ ይከታተላቸው ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሹማምንቱም ዝም የሚያሰኛቸው መላ ጠፋቸው። ፋሺስትን መቃወም ለአንድ እንግሊዛዊ ሲሆን ያስመሰግናል፤ የራስን ባንዲራ መቃወም ግን ወዳጅ ያሳጣል። እርሳቸው ሁለቱንም በአንድ ብዕር ጻፉ።

ልዕልት ፀሐይ ለንደን ነርስነት ተምረው ሲመለሱ ነቀምት ላይ በለጋ ዕድሜያቸው ሲቀጩ፣ ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰቡትም ሲልቪያ ናቸው። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው።

በ1948 ዓ.ም.፣ በ74 ዓመታቸው፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ዕድሜ ሌላው ይጦራል፤ እርሳቸው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አረፉ። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ሰጥታ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ከአርበኞቹ ጋር አሳረፈቻቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ሌኒንን ማንበብ ያዙ። በጥናት ክበብ ተሰብስበው ያንን የግራ ኮሙኒዝም መጽሐፍ ሲገልጡ፣ ሌኒን ስሟን የጠራት ሴት በእግር ጥቂት በሚያስኬድ መንገድ እዚያው ሥላሴ ግቢ ተቀብራ እንደነበር ስንቱ ያውቅ ነበር? የዘውዱ ዘመን ሲልቪያን ባለውለታ አድርጎ ሲያከብር ቀይ ሐሳባቸውን ብዙም አላነሣም፤ አብዮቱም ሲመጣ የንጉሡ እንግዳ አድርጎ ያለፋቸው ይመስለኛል። እኛም እስከ ዛሬ የምናስታውሰው ግማሻቸውን ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያ ምሥራቅ ለንደን የሕፃናት መዋያ የከፈተው፣ ለንጉሥ ሪፐብሊካዊ ነኝ ያለው፣ በወደቦቻችን ጉዳይ ከገዛ አገሩ ጋር የተጣላው ነው።