ነጠላ ሰረዙ ልክ ነው፤ ማስረጃውስ?

የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ከፍታችሁ ካያችሁ፣ መጨረሻው ላይ በቁጥር የተደረደረ ረጅም ዝርዝር ታገኛላችሁ። ዋቢ ጽሑፎች ይባላሉ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግን ሁሉም ሰው «ሪፈረንስ» ነው የሚላቸው። አብዛኛው አንባቢ ዘሏቸው ያልፋል። ጸሐፊው ደግሞ ረቂቁን ለጆርናል ከመላኩ በፊት ነጥብና ሰረዝ ሲያስተካክል ያመሻል። ዛሬ ልተች የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ለሰረዝ ያን ያህል የሚጨነቅ ሥርዓት፣ «የተጠቀሰው ጽሑፍ በእርግጥ እንዲህ ይላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለማን ተወው?

መጀመሪያ ግን ለሥርዓቱም ፍትሐዊ እንሁን። ብዙ የሕክምና ጆርናሎች የሚጠቀሙበት አሠራር «ቫንኩቨር» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከካናዳዋ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች እዚያ ተሰብስበው ጽሑፎች በምን መልክ ይቅረቡልን በሚለው ላይ ተነጋገሩ፤ መመሪያቸውም በ1979 ታተመ። ስብስቡ ኋላ ላይ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሆነ። ጆርናሎች የየራሳቸው ደንብ ሲኖራቸው፣ አንዱ ያልተቀበለውን ጽሑፍ ለሌላው ለመላክ ዝርዝሩን እንደ አዲስ መተየብ ግድ ነበር፤ ያውም በታይፕራይተር!

አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፋችሁ ውስጥ መጀመሪያ የጠቀሳችሁት 1 ይሆናል፣ ቀጣዩ 2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዝርዝሩ ላይ የጸሐፊዎቹ ስም፣ ርዕሱ፣ አጥሮ የተጻፈ የጆርናሉ ስም፣ ዓመቱ፣ ቅጹና ገጹ በቅደም ተከተል ይገባሉ። እኔ ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ነገሩ እንደ መለዋወጫ ዕቃ መለያ ቁጥር ነው የሚታየኝ። ቁጥሩ ትክክለኛውን ብሎን ከመደርደሪያው ላይ እንድታገኙ ይረዳችኋል። ብሎኑ ማሽኑ ላይ በደንብ መጥበቁን ግን አይነግራችሁም።

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንይ። በ1980 ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት አንዲት ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቢያንስ አንድ የናርኮቲክ መድኃኒት ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ እንደያዛቸው በአግባቡ የተመዘገበው 4 ብቻ ናቸው አሉ። በቃ፣ ፍሬ ነገሯ ይኸው ነው። ሰዎቹ ቤታቸው ሄደው መድኃኒቱን ለወራት ቢወስዱ ምን እንደሚሆን ደብዳቤዋ አላጠናችም።

ከዚያስ? በ2017 ካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ይህችን ደብዳቤ የጠቀሱ ጽሑፎችን ለቅመው ቆጠሩ፤ 608 አገኙ። በዚያው ሰሞን እዚያው ጆርናል ላይ የወጡ ሌሎች ደብዳቤዎች የተጠቀሱበት መካከለኛ ቁጥር 11 ነበር። ከ608ቱ ውስጥ 72 በመቶ ያህሉ፣ በኦፒዮይድ መድኃኒት የሚታከም ሰው ሱስ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው ለማለት ደብዳቤዋን ማስረጃ አድርገዋታል። 81 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሕመምተኞቹ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አልተናገሩም። ተመራማሪዎቹ ይህ አጠቃቀስ ለሰሜን አሜሪካው የኦፒዮይድ ቀውስ አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው እንደሚያምኑ ጻፉ። ጆርናሉም ደብዳቤዋ ሳትመረመር በብዛት መጠቀሷን የሚያሳስብ ማስታወሻ ጨመረባት።

ልብ በሉ፣ ደብዳቤዋ አልዋሸችም። ችግሩ የጠቀሷት ሰዎች ላይ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፎርማቱ እንመለስ። የዚህች ደብዳቤ ሪፈረንስ በቫንኩቨር ሲጻፍ መጨረሻው ላይ 1980 ዓመቱ፣ 302 ቅጹ፣ 123 ገጹ ሆኖ ይቀመጣል። ገጹ አንድ ብቻ መሆኑን አያችሁ? ትልቅ ጥናት ቢሆን ኖሮ ከዚህ ገጽ እስከዚያ ገጽ ይል ነበር። በዚያ ላይ ሥርዓቱ ከርዕሱ ቀጥሎ በቅንፍ «ደብዳቤ» ብሎ ለመጻፍ ቦታ አለው፤ ግን እንዳስፈላጊነቱ ነው የሚጻፈው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሰረዝ ሲጎድል ረቂቁ ለእርማት ይመለሳል። አንባቢውን ሊያነቃ የሚችለው አንድ ቃል ሲጎድል ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም። ቅድሚያ አሰጣጡ ተገልብጧል።

አድራሻነቱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ቫንኩቨር የቤተሰብ ስምን ያስቀድምና የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራል። እኛ አገር ደግሞ በተለምዶ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በ1964 የደረሱበት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዝርዝሩ ላይ «ለማ አ» ይሆናሉ። ሥራው የአክሊሉ፣ የሚጠራው ግን አባታቸው! አንድ ተመራማሪ አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባቱ፣ ሌላው ላይ በአያቱ ስም ከወጣማ ጭራሽ ሁለት ሰው ይመስላል። ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ይህን በከፊል ያቃልላል፤ ሪፈረንስ ዝርዝሩ ውስጥ ግን በተለምዶ አይገባም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ሶፍትዌር ይሠራዋል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዞቴሮና ሜንደሌይ ሰረዙን በሰከንድ ያስተካክሉታል። መጀመሪያ ሲላክ ወጥ የሆነ ማንኛውንም ፎርማት የሚቀበሉ ጆርናሎችም አሉ፤ ጥሩ አድርገዋል። ግን አሁን ቻትቦትም መጥቷል። ሰረዙ፣ ዓመቱ፣ ገጹ ሁሉ የተሟላ፣ ጽሑፉ ግን ጨርሶ የሌለ ሪፈረንስ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የዝርዝር ማማር የትጋት ምልክት መሆኑ አብቅቷል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የክፍል ሥራ ስትጽፉ፣ ፎርማቱን ለሶፍትዌሩ ተዉትና የተረፋችሁን ሰዓት እያንዳንዱን ሪፈረንስ ለመክፈት አውሉት። ጥናት ነው ወይስ ደብዳቤ? የተጠናው ማን ላይ ነው፣ የትስ ሆነው? እኔ ልል የፈለግኩትን ነው የሚለው ወይስ የሚቀራረብ ነገር? መልሱን በአንድ መስመር ከጎኑ ጻፉ። ይህችን መስመር መጻፍ ካቃታችሁ ሪፈረንሱን አውጡት፤ ሰረዙ ልክ ቢሆንም።