ስለ ቁጥርና ስለ ምስክሩ

በፓሪስ የሚገኘው ሲያንስ ፖ በ2000 ዓ.ም. ስለ ጅምላ እልቂት የሚያስረዳ መዝገበ ዕውቀት በኢንተርኔት ላይ ከፈተ፤ ያቋቋሙት ሊቅ ዣክ ሴምላን ናቸው። ከሥራው የማመሰግነው አንድ ልማድ አለ። ጸሐፊው ስሙን ይፈርማል፤ በዘመን ተራ በተጻፈው ክፍልም ማስረጃው ምን ያህል እንደሚታመን በኮከብ ምልክት ይነገራል። አንባቢ ሆይ፥ ቁጥሩን ገልብጠህ ኮከቡን ከተውህ ግን ምን አነበብህ?

ወደ እኛው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንመለስ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሕዝብ ታረደ፤ ጎጆ ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30,000 አለ፤ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ወደ 19,000 ገመቱ፤ የኢጣልያ ወገን ወረቀት ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። እነዚህን ደምሮ ማካፈል ሒሳብ እንጂ ታሪክ አይደለም። የቆጠረው ማን ነው? ስለ ምንስ ቆጠረ? ገዳይ ጸሐፊና ማኅተም አለው፤ በጎጆው የተቃጠለው አንዲት ፊደል አልተወም። ኮከብም የሚመዝነው የተጻፈውን ነው።

ካምቤል ከዓይን ምስክሮች አፍም ሰብስበዋል። አስተማሪ የሆነ ሰው ተማሪውን ወደ ፓሪሱ መዝገብ ሲልክ፥ ከአያቱ የሰማውንም በሌላ ገጽ ጽፎ፥ የነገረውንም ሰው ስም አኑሮ እንዲያመጣ ይዘዘው።