በቆዳ የተሰፋ ጥበብ

የብራና ክታብ ተጠቅልሎ ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። በቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ ከአንገት ይንጠለጠላል፤ ወይም ከአልጋ ራስጌ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሲዘረጋ ግን ሰው ያህላል። በጥንቱ ልማድ ክታብ የሚሠራው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነውና፤ ጸሎቱ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ብርዕ ከማንሣቱ በፊት ታማሚውን ማየት፣ ቁመናውን ማወቅ አለበት።

ስለ እንዲህ ያለው ምሥጢራዊ ጥበብ ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ ኃይሉ ላይ ይሆናል፤ ይሠራል፣ አይሠራም። እኔ የሚገርመኝ የእጅ ሥራው ነው። በአንድ ሰው ልክ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፍ፣ ባለቤቱ እንኳ ግእዝ ባለማወቁ የማያነበው፣ በመጨረሻም ቆዳ ውስጥ ተሰፍቶ ከዓይን የሚሰወር ነገር ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያገኘው ከየት ነው?

ከብራናው እንጀምር። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ በየጎኑ በገመድ እየተሳበ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ስቡ ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ ገጹ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። የፋቂው እጅ አንዴ ከከበደ ቆዳው ይበሳል፤ ከሰነፈ ደግሞ ገጹ ሻክሮ ቀለም አይቀበልም። የደረቀው ብራና በጠባብ በጠባቡ ይቆረጣል። አንድ ቁራጭ የሰው ቁመት ስለማይሞላ ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ተቀጣጥለው አንድ ክታብ ይሆናሉ። መጋጠሚያውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የተሰፋው ከዚያው ከብራናው በተቀደደ ቀጭን ጠፍር ነው። ጠፍሩ በትንንሽ ስንጥቆች እየገባና እየወጣ ዝርግ ሆኖ ይተኛል፤ ክታቡ ሲጠቀለል አይጎረብጥም።

ጽሕፈቱ የሚሄድበት መስመር በቀለም አይሰመርም። በወስፌ ጫፍ ተጭሮ የሚቀር ጠባሳ ነው፤ ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ካላደረጉት አይታይም። በዚያ ላይ የሸምበቆ ብርዕ ይወርዳል። ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ መስመር ጥቂት ቃላት ብቻ ይይዛል፤ ቃሉ ሳያልቅ መስመሩ ያልቃል፣ የቀረው ፊደል ወደ ታች ይወርዳል። በጥሩ ጸሐፊ እጅ ይህ መጨናነቅ አይታወቅም፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁለት ነጥቡ ቦታውን አይስትም። ጥቁሩ ቀለም ዋናውን ጸሎት ይሸከማል። ቀዩ የሚቆጠበው ለመክፈቻው፣ ለቅዱሳት ስሞችና ለባለቤቱ የክርስትና ስም ነው። ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ የሚለው ስም በየጸሎቱ መደምደሚያ እየተመለሰ ይመጣል። አንድ ተራ ገበሬ ወይም አንዲት የቤት እመቤት ከመላእክት ስም ጋር በአንድ ቀለም የሚጻፉበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም።

በአሮጌ ክታቦች ላይ ይህ ስም አንዳንዴ ተፍቆ ሌላ ስም በላዩ ተጽፎበት ይገኛል። ክታቡ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው፤ የተፋቀው ቦታ ሳስቶና ሻክሮ ይቀራል። የዕቃው ታሪክ እዚያች ትንሽ ጠባሳ ላይ ይነበባል።

ከጸሎቶቹ መካከል በሰፊው የሚታወቀው የሱስንዮስ ነው። ውርዝልያ የተባለችው ክፉ ሴት ሕፃናትን ትገድላለች፤ የራሱን ልጅ የተነጠቀው ሱስንዮስ በፈረስ አሳዶ በጦር ይወጋታል። ሕዝቡ ሾተላይ የሚለው ሰቆቃ፣ ልጅ በተወለደ ቁጥር የሚቀጥፈው፣ በዚህ ታሪክ ፊትና ስም አገኘ። ሐኪም በሌለበት ዘመን ሁለት ሦስት ልጅ ቀብራ እንደገና ለፀነሰች እናት ይህ ክታብ ምን ማለት እንደነበር መገመት ይቻላል። ሌላው መርበብተ ሰሎሞን ነው፤ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ሲይዛቸው የሚተርክ።

መረቡ በሥዕሉም አለ። ብዙ ክታቦች በራስጌ፣ በመሐልና በግርጌ ሥዕል ይይዛሉ፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ መስቀል፣ ወይም ጠልሰም። ጠልሰሙ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ሊሆን ይችላል፤ በመሐሉ የሰው ፊት፣ በየማዕዘኑ ዓይን። መስመሮቹ እየተጠላለፉ ይሄዱና ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ጣት ቢከተላቸው መውጫ አያገኝም። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ይመለከታሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ሲሣሉ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያያሉ። ሠዓሊው ደብተራ ይህን ሕግ ያውቃል፤ ታማሚው ክታቡን ሲያይ በውስጡ ያለው ክፉ መንፈስ ከዚያ ዓይን ጋር ይፋጠጣል፣ መቆምም ያቅተዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የዓይኑ ብሌን መሐል ላይ ካልተቀመጠ ሥራው ሁሉ ከሸፈ ማለት ነው።

ይህን የሚሠራው ሰው በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ዳዊት ደግሟል፣ ዜማ ተምሯል፣ አቋቋምና ቅኔ ቤት ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ ነው የኔታ፣ ጠባዩን አይተው፣ ምሥጢር እንደሚቋጥር አረጋግጠው፣ የእፀ ደብዳቤውን (የዕፀዋት መድኃኒቱን) እና የአስማቱን ትምህርት በትንሽ በትንሹ የሚያካፍሉት። ኮከብ ሲቆጥር የታማሚውን ስም ብቻ አይጠይቅም፤ የእናትየውንም ይጠይቃል። የፊደላቱን ቁጥር ደምሮ ለ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከቡን ያሳየዋል። ስሌቱን ብናምንም ባናምንም፣ ሰውን በእናቱ ስም፣ በቁመቱና በሕመሙ አውቆ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ማክበር ይገባናል።

ጥበቡ ተቃውሞ አጥቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማተኞችን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ ዛሬም ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይነቅፉታል። በሰው ፍርሃት የሚነግድ ደብተራ መኖሩም አይካድም። ታማሚ ዛሬ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ነገር ግን አስፈራርቶ የሚበላ ሰው መጋጠሚያውን ዝርግ ለማድረግ አይደክምም፤ ማኅደሩ ከተሰፋ በኋላ ማን ሊያየው? ማንም በማይመረምረው ቦታ የተደረገ ጥንቃቄ የሠሪውን ሃይማኖት ይመሰክራል። የደብተራው ሕይወት ትርጉም ያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከመምህሩ በአደራ የተቀበለውን ለአንድ የተጨነቀ ሰው ሲል ሳያጓድል መሥራት፣ ከዚያም ለደቀ መዝሙሩ ማስረከብ።

ዓለም ይህን ሥራ ዘግይቶ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1932 የእነ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ ከጎንደር የሰበሰባቸው ክታቦች ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ጥናቱን በተለይ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲየ ገፋበት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ውስጥ ስለ ፈዋሽ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። አገር ቤት ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የራሱ ስብስብ አለው።

ከአያት የወረደ ክታብ በሣጥናችሁ ካለ ለቱሪስት አትሽጡት፣ አታቃጥሉት። ዘርጉትና ተመልከቱት፤ በቀይ የተጻፈውን ስም ግእዝ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ። የማን እንደነበረ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ፤ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።