ቆሞ የተገኘ ሰዓት

የድሮ ዘመንን የሚያሳይ የግድያ ምርመራ ድራማ አንድ ክፍሉ እንዳለቀ ሁለት አስተያየቶች ቀድመው ይሰማሉ። አንዱ «ልብሱ፣ መኪናው እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ሌላው «ገዳዩን ገና ከጅምሩ ነቅቼበታለሁ»። ልብስ ግን በኪራይ ይገኛል። ገዳዩ ቀድሞ መታወቁም ጥሩ ሥራን አያበላሽም፤ ገዳዩን አውቀን ደግመን ስናየው ፍንጮቹ ሁሉ ዓይናችን ሥር ተቀምጠው ከነበረ ደራሲው አልዋሸንም። መጨረሻ ላይ ታይቶ የማይታወቅ መንትያ ወንድም ከውጭ አገር ከች ካለ ግን ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ነው።

በኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ላይ ስለተፈጸመው ግድያ አጋታ ክሪስቲ የጻፈችው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ዴቪድ ሱሼ መርማሪውን ፑዋሮን ሆኖ የሚተውንበት ተከታታይ ድራማ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያቀርበው ተመልካች ተከፋፈለ። ኢስታንቡል ላይ ሴት በድንጋይ ስትወገር ይታያል፤ ፑዋሮም መቁጠሪያ ይዞ ይጸልያል። ቀልደኛውን መርማሪ የለመዱ ሰዎች «መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር» ብለው ከፋቸው። ለእኔ ይህ ክስ አይበቃም። ሰው ፍርድን በእጁ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው የታሪኩ ጥያቄ ነውና ጭማሪው ቦታ አለው። ውግረቱ ግን መልሱን በግድ ያጎርሰናል፤ ጸሎቱ ብቻውን ይበቃ ነበር።

አጥብቄ የምመዝነው ሌላ ነገር ነው፦ ዘመኑና ቦታው በምርመራው ውስጥ ሥራ አላቸው? በዚያ ታሪክ ባቡሩን በረዶ ያግተዋል፤ ማንም አይገባም፣ አይወጣም። የሟቹም ሰዓት ከሌሊቱ 7 ከሩብ ላይ ቆሞ ይገኛል።

በዚህ ጉዳይ የአዳማ ተመልካች ጥሩ ዳኛ ነው። የጅቡቲው ባቡር ከተማውን አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1.435 ሜትር ይሰፋል። የ1920ዎቹን ታሪክ በአዲሱ ሐዲድ ላይ የሚቀርጽ ሰው እዚህ አያመልጥም።

ታሪኩንስ እዚሁ መሥራት ቢፈለግ? በረዶ አያስፈልግም። ባቡሩ በዚያ ዘመን ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ አዋሽ ጣቢያ ሆቴል አስተኟቸው። የሟቹ ሰዓት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1:15 ላይ ቆሟል። አሳላፊው ስለ አንዱ ተጠርጣሪ «አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከሟቹ ክፍል ሲወጣ አይቼዋለሁ» ይላል፤ እሱ የሚለው ገና ሲመሽ ነው፤ ፈረንሳዊው መርማሪ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ፍንጭ ለንደን ውስጥ አይበቅልም።

የእኛ ተመልካች ከመርማሪው ቀድሞ ይነቃበታል። ይንቃ! ጎበዝ ደራሲ ያኔ ጭንቀቱን «ማን ገደለው?» ከሚለው ወደ «መርማሪው መቼ ይነቃ ይሆን?» ያዞረዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ንጹሑ ሰው እጁን ታስሮ ወደ አዳማ በሚወጣው ባቡር እየተሳፈረ ነውና።