ስለ ፊሊፒንስ ቀደምት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጸሓፍት

በፊሊፒንስ ደሴቶች በእንግሊዝኛ የተጻፈው ልብ ወለድ ከትምህርት ቤት ወንበር የተወለደ ስለሆነ የሕዝቡን ነፍስ ሊገልጥ አይቻለውም የሚል ክስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ የክሱ መነሻ እውነት ነው፣ ፍርዱ ግን የቀና አይመስለኝም።

እስፓኝ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የገዛቻቸውን እነዚህን ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. በፓሪስ ውል በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ስታስረክብ፣ በእስፓኝኛ ሁለት ታላላቅ ልብ ወለዶችን የደረሰው ሆሴ ሪሳል በማኒላ በጥይት ከተገደለ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አዲሱም ገዢ ከወታደሮቹ በኋላ መምህራንን አስከተለ፤ በ1901 ቶማስ በምትባል መርከብ አምስት መቶ ያህል አሜሪካውያን አስተማሪዎች ማኒላ ደረሱ፣ እንግሊዝኛም የትምህርት ልሳን ሆነ።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ረጅም ልብ ወለድ በሶይሎ ጋላንግ እጅ ታተመ። ቀዳሚነቱን ሳልነፍገው፣ የጥበቡን እውነተኛ መባቻ የማየው ግን በ1925 በወጣው «የሞቱ ከዋክብት» በተባለው የፓስ ማርኬስ ቤኒቴስ አጭር ታሪክ ላይ ነው። ጠበቃው አልፍሬዶ ለኤስፔራንሳ ታጭቶ ሳለ ልቡ ወደ ሁልያ ያዘነብላል፤ ቃል ኪዳኑን ጠብቆ ካገባ ከዓመታት በኋላ ሁልያን ዳግመኛ ሲያያት፣ በልቡ ሲያበራ የኖረው ፍቅር ከጠፋ ዘመን እንዳለፈው ይረዳል። ቋንቋው የባዕድ ሲሆን፣ የእጮኝነቱ ሕግ፣ የዘመድ አዝማዱ ዓይንና የእመቤታችን ሥዕል በሻማ የምትታጀብበት ዑደት ግን ከዚያው ምድር የበቀሉ ናቸው፤ ደራሲዋም ይህን ለባዕድ አንባቢ ለማስረዳት ስትል አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ቀጥሎ የተነሣው ክርክር ጥበብ ለማን ትገዛለች የሚል ነበር። ገጣሚው ሆሴ ጋርሲያ ቪልያ ስለ ግጥሞቹ ከዩኒቨርሲቲ ታግዶ፣ በ1929 ከ«ፍሪ ፕሬስ» መጽሔት ያገኘውን የ1,000 ፔሶ ሽልማት ስንቅ አድርጎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኪነ ጥበብ ከራሷ በቀር ጌታ እንደሌላት እያስተማረም ብዙዎችን አስከተለ። ሳልቫዶር ሎፔስ በ1940 በተሸለመው የድርሰት መጽሐፉ ይህን ትምህርት ተቃውሞ፣ ጸሓፊ ለኅብረተሰቡ ባለዕዳ ነው አለ።

በዚያው ዓመት በአጭር ልብ ወለድ የተሸለመው የላ ኡኒዮን አውራጃ ተወላጅ ማኑኤል አርጊያ ግን፣ የሁለቱን ክርክር በሥራው ያስታረቀ ይመስለኛል። ባልዶ የተባለ ልጅ ታላቅ ወንድሙ ሊዮን ከከተማ ያገባትን ሚስት ወደ መንደር እንዴት እንዳመጣት በሚተርክበት ታሪኩ፣ አባት ምራቱን በአንደበቱ አይመረምራትም፤ ጋሪው ዋናውን መንገድ ትቶ በጨለማ በሜዳው በኩል እንዲመጣ ያዝዛል፣ በኋላም የጋሪውን በሬ ፈርታ እንደሆነ ባልዶን ይጠይቀዋል። ስብከት የለበትም፤ ነገር ግን የአባት ሥልጣን፣ የገጠርና የከተማ ርቀት፣ የሙሽራይቱም ድፍረት፣ ሁሉም በዚያ አጭር ጉዞ ተጠቅልለው ይገኛሉ። ሎፔስ የጠየቀው ኅብረተሰብም፣ ቪልያ የጠየቀው የጥበብ ንጽሕናም በአንድ ገጽ ላይ አሉ።

አርጊያን በ1944 ጃፓኖች ገደሉት። የሚንዶሮ ደሴት ገበሬዎችን የጻፈው ደራሲ ጎንሳሌስና በአሜሪካ የሚንከራተቱ ወገኖቹን የጻፈው ቢየንቬኒዶ ሳንቶስ በኋላ የያዙት መንገድ፣ በእኔ ግምት ከቪልያ ይልቅ ወደ አርጊያ የቀረበ ነው።